ከጣባው መቀመጫ የተነበበ ቀይ አፈር፦ የሺኖ ጣባዎች የትውልድ ቦታና እሳት እንዴት ተገኙ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1930 አራካዋ ቶዮዞ የተባሉ ጃፓናዊ ሸክላ ሠሪ ናጎያ ከተማ ውስጥ አንድ ጥንታዊ የማቻ (የጃፓን የዱቄት ሻይ) ጣባ እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። ጣባው የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ንብረት ሲሆን «ታማጋዋ» የሚል የራሱ መጠሪያ አለው። ሺኖ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ወፍራም ነጭ ቅብ ተቀብቷል፤ ከቅቡ ሥር የቀርከሃ ቡቃያ ተስሎበታል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ዕቃ ነው። ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ የት እንደተሠራ ግን ማንም አያከራክርም ነበር፤ የሸክላ ከተማዋ ሴቶ ናት፣ አለቀ። አራካዋ ጣባውን ገልብጠው መቀመጫውን ሲያዩ ግን ውስጠኛው በኩል በእሳት ተጣብቆ የቀረ ትንሽ ቀይ አፈር ዓይናቸው ገባ። ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። ወዲያው በዚያው ሰሞን ሚኖ በሚባለው አካባቢ፣ የዛሬዋ የጊፉ ግዛት ውስጥ፣ አንድ ጫካ ገብተው ያንኑ የቀርከሃ ቡቃያ የተሳለበት ገል ከመሬት አነሡ። የሺኖ ጣባዎች የሴቶ ናቸው የሚለው እምነት ያን ጊዜ ተናጋ።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ማቻ ከጃፓን ወጥቶ የየአገሩ ካፌ መጠጥ ከሆነ ወዲህ «በእጅ የተሠራ፣ በእንጨት የተቃጠለ» የተባለ ጣባ በየቦታው ይሸጣል። እንጨቱ ለጣባው ምን እንዳደረገለት ግን ሻጩም ገዢውም እምብዛም አይነጋገሩበትም። የአራካዋ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ የተሻለው ነው። ሰውዬው ቦታውን ሲያገኙ ሥራቸው ገና ግማሽ ነበር፤ ቀሪው ግማሽ እሳቱን ማግኘት ነው፤ እሱም ዓመታት ወስዶባቸዋል።

ጣባው ምን ሥራ አለበት?

ማቻ እንደ ሌላው ሻይ ተዘፍዝፎ ቅጠሉ አይጣልም። ጥላ ሥር ያደገ የሻይ ቅጠል በእንፋሎት ተመትቶ ይደርቃል፤ ከዚያ በድንጋይ ወፍጮ ይልማል፤ የሚጠጣውም ዱቄቱ ራሱ ነው። 2 ግራም ያህል ዱቄት ጣባው ውስጥ ይደረጋል፣ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ ይጨመርበታል፣ ከቀርከሃ በተሰነጠቀ መምቻ እዚያው ጣባው ውስጥ አረፋ እስኪይዝ ይመታል። ስለዚህ ጣባው ማዘጋጃም መጠጫም ነው። ወለሉ ከሻከረ የመምቻውን ቀጫጭን ጥርሶች ይሰብራል። አፉ ከጠበበ እጅ አያንቀሳቅስም። ግድግዳው ከሳሳ ደግሞ እጀታ የለውምና በሁለት እጁ ያቀፈውን ሰው ይፈጀዋል፤ ሻዩም ቶሎ ይቀዘቅዛል።

በሻይ ሥርዓቱ ላይ እንግዳው ጠጥቶ ሲያበቃ ጣባውን ወደ መሬት ቀረብ አድርጎ እያገላበጠ ይመረምራል። መቀመጫውንም ያያል። ቅብ ብዙውን ጊዜ መቀመጫው ጋ ሳይደርስ ይቆማል፤ አፈሩ ራቁቱን የሚታየው እዚያ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ እነዚህ ጣባዎች ለሦስት መቶ ዓመታት በሠለጠኑ ዓይኖች ሲገለበጡ፣ ሲታዩ፣ ሲደነቁ ኖረዋል። የሴቶ ናቸው የሚለው እምነት ግን ንቅንቅ አላለም። በእኔ እምነት ልዩነቱ የተመልካቹ ሙያ ነው። የሻይ ሰው መቀመጫውን የሚያየው ውበቱን ለማጣጣም ነው፤ ሸክላ ሠሪ ሲያየው ዕቃው እቶን ውስጥ በምን ላይ ተቀምጦ እንደነበር ይጠይቃል።

ሴቶ መባሉም ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ አይቺ በሚባለው ግዛት የምትገኘው ሴቶ በመካከለኛው ዘመን ቅብ ያለው ሸክላ በማምረት ጃፓን ውስጥ አቻ አልነበራትም። ሚኖ ከእሷ ተራራ ተሻግሮ ያለ ጎረቤት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የሴቶ ሸክላ ሠሪዎች ወደ ሚኖ ተሻግረው ሰፍረዋል። የሚኖ ዕቃም ገበያ ላይ የሚጠራው በሴቶ ስም ነበር። ሰዎቹ ሲያልፉ፣ እቶኖቹ ሲፈርሱ፣ ዛፍ ሲበቅልባቸው ስሙ ብቻ ቀረ።

ቀዩ አፈር ምን ተናገረ?

አራካዋ ለዚያ አካባቢ እንግዳ አልነበሩም። የተወለዱት እዚያው ሚኖ፣ ታጂሚ ውስጥ፣ በ1894 ነው። ኪዮቶ ውስጥ በሸክላ ሥራ ቆይተው በ1927 ወደ ካማኩራ ሄዱ፤ እዚያ ታዋቂው የምግብና የሸክላ ሰው ኪታኦጂ ሮሳንጂን ለቶኪዮ ምግብ ቤታቸው የሚሆን ዕቃ የሚያሠሩበትን እቶን ይመሩ ነበር። ናጎያ የመጡትም በሮሳንጂን የሸክላ ትርኢት ሰበብ ነው።

የቀዩን አፈር ምስጢር ለመረዳት እቶን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ሺኖ በእንጨት ቢተኮስም ነበልባልና አመድ በቀጥታ እንዲነካው አይተውም። እያንዳንዱ ጣባ ከሸክላ በተሠራ መያዣ ውስጥ ይገባል። ቅቡ ሲቀልጥ ከመያዣው ጋር እንዳይጣበቅ ከመቀመጫው ሥር ትንሽ የጭቃ ድጋፍ ይደረግለታል። ይህን ድጋፍ ማንም ከሩቅ አያስመጣም፤ ሠራተኛው እቶኑ አጠገብ ካገኘው አፈር ጠፍጥፎ ያስቀምጣል፤ ከተኮሰ በኋላ ይሰብርና ይጥለዋል። ጥቂቱ ግን ተጣብቆ ይቀራል። ጣባው ራሱ ከተመረጠ አፈር ይሠራል፤ አፈሩ ተጓጉዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያቺ የተጣበቀች ቁራሽ ግን የእቶኑ ደጃፍ አፈር ናት። አራካዋ የሚያውቁት የሴቶ አፈር ደግሞ እንዲህ ያለ ቀይ አልነበረም። ማስረጃው የተገኘው ሠሪው ከቁም ነገር ባልቆጠረው ነገር ላይ መሆኑ በጣም ይማርከኛል።

ጥርጣሬውን ይዘው ወደ ኦጋያ ሄዱ። ዛሬ የካኒ ከተማ አካል የሆነ፣ ደን የለበሰ ኮረብታማ ስፍራ ነው። በዚያ ጥንታዊ የእቶን ፍርስራሾች እንዳሉ ያውቁ ነበር። ሙታቦራ በሚባለው የእቶን ፍርስራሽ ላይ ያገኙት ገል የሺኖ ገል ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቃዋሚ አይጠፋም ነበር። ነገር ግን ናጎያ ላይ ያዩት የቀርከሃ ቡቃያ ሥዕል እዚያው ገሉ ላይ አለ። አፈሩም ቅቡም ሥዕሉም አንድ ሆኖ፣ በተሠራበት እቶን ቆሻሻ መጣያ ላይ ተገኘ። የተሸጠ ዕቃ አገር ለአገር ይዞራል፤ ተበላሽቶ የተጣለ ዕቃ ግን ከተሠራበት አይርቅም።

ሮሳንጂን ወሬውን እንደሰሙ ቁፋሮውን ደገፉ፤ ከሙታቦራ ሌላ የሚኖ ጥንታዊ እቶኖችም ተቆፈሩ። ከሺኖ ጋር ቢጫው፣ ጥቁሩና አረንጓዴው የሻይ ዕቃ ሁሉ፣ በሞሞያማ ዘመን ማለትም በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ የተሠራው፣ ባብዛኛው የሚኖ እጅ ሥራ መሆኑ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ገል ሁልጊዜ አይዋሽም ማለት አይደለም። በ1959 የጃፓን መንግሥት የ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው ብሎ አንድ ማሰሮ በቅርስነት መዘገበ። በማግሥቱ ዓመት ካቶ ቶኩሮ የተባሉ የሴቶ አካባቢ ታዋቂ ሸክላ ሠሪ የሠራሁት እኔ ነኝ አሉ፤ በ1961 ምዝገባው ተሰረዘ። ለማሰሮው ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል ገሎችም ነበሩበት። የሙታቦራን ግኝት ጠንካራ ያደረገው ብዙ ነገር በአንድ ላይ መግጠሙ ነው፤ የድጋፉ አፈር፣ የጣባው አፈር፣ ሥዕሉ፣ የእቶኑ ፍርስራሽ፣ በኋላም ከሌሎች እቶኖች ቁፋሮ የወጣው ሁሉ እርስ በርሱ ተደጋግፏል።

እሳቱን ፍለጋ

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። ለእኔ ዋናው ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አራካዋ ተመራማሪ ቢሆኑ ኖሮ ግኝታቸውን ጽፈው ይቀመጡ ነበር። እሳቸው ግን በ1933 ኦጋያ ገብተው፣ ጥንታዊው እቶን በነበረበት አካባቢ፣ የእሱን አምሳያ ሠሩ። ግማሽ ጎኑ ኮረብታው ውስጥ የተቀበረ፣ ባለ አንድ ክፍል፣ እንጨት የሚበላ እቶን። ያን ጊዜ ከዚህ የተሻለ ለመሥራት የሚቸገር ሰው አልነበረም። በዚያው በሚኖ እንኳ የዚህ ዓይነቱ እቶን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ተትቷል።

የተተወውም በቂ ምክንያት ኖሮ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከኪዩሹ ደሴት፣ ከካራትሱ፣ ደረጃ በደረጃ ኮረብታ የሚወጣ ባለብዙ ክፍል እቶን ወደ ሚኖ ገባ። የመጀመሪያው ሞቶያሺኪ የሚባለው ነው፤ ፍርስራሹ ዛሬ ቶኪ ከተማ ውስጥ ይገኛል። የታችኛው ክፍል ትርፍ ሙቀት የላይኛውን ያሞቃል። ማገዶ ይቆጥባል፣ ብዙ ዕቃ ይይዛል፣ ቶሎ ይደርሳል። ኦሪቤ የሚባለው አረንጓዴ ቅብ ያለው ዕቃ የደመቀው በዚህ እቶን ነው። ሺኖ ግን ተጎዳ። ቅቡ ሳሳ፣ እንደ መስታወት አብለጨለጨ፣ ያ ለስላሳ ነጭነቱ ጠፋ። ማንም ክፉ አልሠራም፤ ሁሉም የሚበጀውን መረጠ፤ በዚያው ምርጫ ውስጥ አንድ ጥበብ ከሰመ።

ለምን እንደሆነ ዝርዝሩ ደስ ይላል። የሺኖ ቅብ ከሞላ ጎደል ፌልድስፓር የሚባል የተፈጨ የድንጋይ ማዕድን ነው፤ በወፍራሙ ይቀባል። ፌልድስፓር ከ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲደርስም እንደ ማር ከብዶ በዝግታ ነው የሚቀልጠው። ውስጡ የታሰረው አየር አረፋ ሠርቶ ሊወጣ ሲል ቅቡ ይረጋበታል፤ ስለዚህ ነጩ ገጽ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላል፤ ጃፓኖች ከሎሚ ዘመድ ፍሬ ቆዳ ጋር የሚያመሳስሉት ይህን ነው። ቅቡ በሳሳበት በኩል፣ በከንፈሩና በሥዕሉ ዙሪያ፣ ብርቱካናማ ቀይ ፍም የመሰለ ቀለም ይወጣል። ያ ቀለም የሚመጣው ከብረት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ካለው ጥቂት ብረትና ሥዕሉ ከተሳለበት ብረት ያዘለ ቀለም። እቶኑ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ አየር እየገባ ብረቱን ያቀላዋል። ግማሽ ጎኑ መሬት ውስጥ ያለ እቶን ለማሞቅ ቀናት ይፈጃል፤ ለመቀዝቀዝም እንዲሁ። ሺኖ የሚፈልገው ይህን ዘገምተኛነት ነው። ባለብዙ ክፍሉ እቶን ፍጥነት ለኦሪቤ በረከት ሲሆን ለሺኖ ግን ጊዜውን ነጠቀው።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ሞጉሳ የሚባለው የሚኖ አፈር ነጣ ያለ፣ አሸዋ የበዛበትና ልል ነው፤ ብረቱ ትንሽ ነው። ሲጠፈጠፍ እንደ ሌላው ጭቃ አይታዘዝም፤ ሙቀት ግን ይችላል፤ ከፍተኛ እሳት ውስጥ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይጠጥርም። ስለዚህ የሺኖ ጣባ ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ሲያነሡት ከሚገምቱት በላይ ቀላል ነው። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ሙቀቱን ስለሚያዘገዩት ሙቅ ሻይ ይዞም እጅ አይፈጅም። አረንጓዴው ሻይ በነጩ ላይ ሲያርፍ ያለውን መልክ ለመግለጽ ብሞክር አጎድለዋለሁ።

በዚያው እቶን የሚሠራው ሌላው ጣባ፣ ሴቶጉሮ የሚባለው ጥቁሩ፣ ፍላጎቱ የሺኖ ተቃራኒ ነው። ቅቡ ብረት የበዛበት ነው። እሳቱ ጣራ በደረሰበት ሰዓት ሠራተኛው በእቶኑ ቀዳዳ ረጅም የብረት ጉጠት አስገብቶ፣ የጋለውን ጣባ አንቆ ያወጣዋል። ነበልባል ብርቱካናማ የነበረው ጣባ አየር ሲመታው በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ከሰል ይጠቁራል። እቶኑ ውስጥ ቀርቶ በቀስታ ቢቀዘቅዝ ቡናማ ሆኖ ይቀር ነበር። የጉጠቱ ንክሻ አንዳንዱ ጣባ ላይ እንዳለ ይታያል። አንዱ ጣባ ሊያምር በድንገት ይወጣል፤ ሌላው እንዲያምር ለቀናት ይጠበቃል። የአንድ እቶን ሠራተኛ ሁለቱንም ማወቅ ነበረበት።

የአራካዋ የመጀመሪያ ሙከራዎች የፈለጉትን አልሰጧቸውም። የጥንቱ ሠራተኛ የጻፈው መመሪያ የለም። የነበራቸው ገሎቹ ብቻ ናቸው፤ የተሰበረ ጣባ ደግሞ ያልተሰበረው የማያሳየውን ያሳያል፤ በስብራቱ የቅቡን ውፍረት፣ የአፈሩን ቀለምና ሸካራነት መለካት ይቻላል። ፓይን የተባለው የጥድ ዓይነት ማገዶ አነደዱ፣ አፈር ፈለጉ፣ እንደገና ተኮሱ። ጣባዎቻቸው ቀስ በቀስ ከሞሞያማዎቹ ጎን የሚቆሙ ሆኑ። በ1955 የጃፓን መንግሥት የሺኖና የሴቶጉሮ ጥበብ ባለቤት ብሎ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» በሚባለው ማዕረግ አከበራቸው። በ1985 በ91 ዓመታቸው አረፉ። የሠሩበት የኦጋያው ቦታ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ሙዚየም አለው።

ሰውዬው አዲስ እቶን የሚጠሉ አልነበሩም። በ1946 ታጂሚ ላይ ባለብዙ ክፍል እቶን ያለው ሌላ የሸክላ መሥሪያ አቋቁመው የዕለት መገልገያ ዕቃ ያመርቱበት ነበር። ለሳህንና ለስኒ ማገዶ መቆጠብ ትክክል ነው።

የግኝቱ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ አንድ ዕቃ ያሳያል። ጃፓን ውስጥ ብሔራዊ ሀብት ተብለው ከተመዘገቡት የሻይ ጣባዎች ጃፓን ውስጥ የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው የጥበብ ሰው የሆናሚ ኮኤትሱ ሥራ ነው። ሁለተኛው ቶኪዮ በሚገኘው የሚትሱይ መታሰቢያ ሙዚየም ያለው ኡኖሃናጋኪ የሚባል የሺኖ ጣባ ነው፤ ዛሬ የተተኮሰበት ቦታ የሚባለው ሙታቦራ ነው። ከ1930 በፊት ቢሆን የሴቶ ይባል ነበር። ሠሪው ዛሬም ስም የለውም። እኔ በበኩሌ ቢያንስ አገሩ ተመልሶለታል እላለሁ።

ዛሬ ጣባ ለሚገዛ ሰው

ሺኖ ዛሬ በጋዝም በኤሌክትሪክም እቶን ይሠራል፤ ከእነዚህም ውስጥ እጅግ የሚያምር አለ፤ ባለሙያው መቆጣጠሪያውን ይዞ ቅዝቃዜውን ማዘግየት ይችላልና። ስለዚህ «በእንጨት የተተኮሰ» መባሉ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ በእንጨት ተቻኩሎ የተተኮሰም ሞልቷል። እኔ ብገዛ መጀመሪያ ጣባውን ገልብጬ መቀመጫውን አያለሁ፤ አፈሩ ይታያል ወይስ ሁሉም በቅብ ተሸፍኗል? ድጋፉ የነበረበት ምልክት አለ? ወለሉ ላይ ጣት ሳሳልፍ መምቻ የሚሰብር ሻካራ ነገር ይነካኛል?

ቤት ሲገባ ደግሞ እንክብካቤ ይፈልጋል። እኛ አዲስ ድስት ሳናሟሽ ወጥ እንደማንሠራበት ሁሉ፣ ይህም ጣባ ከመጀመሪያው ሻይ በፊት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በየጊዜውም ሻይ ከመመታቱ በፊት በሙቅ ውሃ ይሞቃል። ውሃው ክፍተቶቹን ቀድሞ ስለሚሞላቸው ሻዩ ቶሎ አይሰርግም። ቢሆንም በዓመታት ውስጥ ይሰርጋል፤ በቅቡ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ገብቶ ነጩን ያጠይመዋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ጃፓኖች ጣባው አደገ ይሉታል እንጂ ቆሸሸ አይሉም። ሳሙና ግን ይጎዳዋል፤ ሽታው ውስጡ ይቀራል። በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ መቀመጫው አየር እንዲያገኝ ተደርጎ፣ በደንብ ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ መግባት የለበትም፤ እርጥበት የያዘ ልል አፈር ይሻግታል።

ሻጩን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አፈሩ ከየት መጣ? እሳቱ ስንት ቀን ነደደ? እቶኑስ እስኪቀዘቅዝ ስንት ቀን ተጠበቀ? ሠሪው ራሱ ከሆነ የሚሸጠው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ያወራል።